አንጓው ላይ ያረፈችው ጠብታ

ቱ ረንጂዬ ከልጅነቱ ፈሪ ነበር፤ ይህን እሱም አይክድም። አባቱ ቺጉ በሚባል የባሕር ዳርቻ ላይ የዓሣ ኩሬ ነበራቸው። ወንድሞቹ ከኩሬው ዳር እየተንደረደሩ ሲዘሉ እሱ መጀመሪያ ጣቱን ነክሮ፣ ቀጥሎ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከዚያ በኋላ ነበር እየተሳበ የሚገባው። አባቱ ለጎረቤት ሲያወሩ፣ «ይኼ ልጅ ሾርባ ስትሰጠው እንኳ ውስጡ ያለውን ሁሉ አገላብጦ ሳያይ አይቀምስም» ይሉ ነበር።

ሲያድግ ያው ጠባዩ መተዳደሪያ ሆነው። ከታይናን ከተማ ወጣ ብሎ፣ ድሮ ሸንኮራ አገዳ ይበቅልበት በነበረው ሜዳ ላይ፣ የመድኃኒት ጥሬ ዕቃ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ድርጅት አለ። ረንጂዬ እዚያ ተቀጠረ፤ ፀጉሩም እዚያው ሸበተ። ፋብሪካው የሚፈልገውን ነገር ሲያበስል ያልፈለገውም አብሮ ይወጣል፦ ቢጫ አተላ፣ ቡናማ ዘይት፣ ስም የሌለው ዱቄት። የረንጂዬ ሥራ ያ ስም የለሽ ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ነው። የቱ ካርቦን ከየትኛው ጋር እንደተያያዘ፣ ናይትሮጅኑ የት ላይ እንደተቀመጠ፣ ዓይን በማያየው ነገር ውስጥ ማን ከማን ጎን እንደቆመ ፈልጎ ያገኛል። ምንነቱ ካልታወቀ ነገር አጠገብ ሰው እንዴት ተዝናንቶ እንደሚቀመጥ በበኩሉ ገብቶት አያውቅም። ሌሎች ሥራው ይሰለቻቸዋል። እሱ ግን አንድ ነገር ስም ባገኘ ቁጥር ትከሻው ላይ ያለ ሸክም የወረደለት ያህል ይተነፍሳል።

በዚያ ዓመት፣ ከመጸው ጨረቃ በዓል በፊት ባለው ሳምንት፣ ሆ ጂንሼንግ የተባለው የማብሰያ ክፍል ባልደረባው አንድ ጠርሙስ ይዞ መጣ።

«ጋሽ ረንጂዬ፣ ልጅ ወልጄ አባቱ ጠፋብኝ» አለ እየሳቀ። «እስኪ ማንን እንደሚመስል እይልኝ።»

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቡናማ ዘይት ነበር። ረንጂዬ ጋዋኑን ለብሶ፣ ጓንቱን አጥልቆ፣ በአየር መሳቢያው ሥር ዘይቱን ከሌላው ለይቶ ማጥራት ጀመረ። ወደ ውስጥ ሲንጠራራ የጋዋኑ እጅጌ ወደ ላይ፣ ጓንቱ ወደ ታች ሸሸ። በመካከሉ፣ የእጁ አንጓ ላይ፣ ትንሽ ቆዳ ተገለጠች። ከዘይቱ አንዲት ጠብታ እዚያች ላይ አረፈች። ቀዝቃዛ ነበረች። ሽታዋ የዓሣ ኩሬ ሽታ ስለነበር በመጀመሪያው ቅጽበት አልደነገጠም፤ እንዲያውም የአባቱ ቤት ትዝ አለው። ከዚያ ነቃ። ቧንቧ ከፍቶ ቆዳው እስኪቀላ ድረስ አጠበ።

ከሰዓት በኋላ ዘይቱን የሞለኪውል ክብደት በሚለካው ማሽን አስመዘነ። ማሽኑ ቁጥሩን ሰጠው። ረንጂዬ ቁጥሩን ሲያይ መቀመጫ ፈለገ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ክብደት የሚወጡ፣ ከጂንሼንግም ምጣድ ሊወለዱ የሚችሉ ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው። ወንድማማቾች በሏቸው። አቶሞቻቸው አንድ ዓይነት፣ ብዛታቸው እኩል፣ ክብደታቸው ያው ነው። የሚለያዩት አንዲት ድርብ ማያያዣ የት ላይ እንደተቀመጠች ብቻ ነው። አንደኛው ወንድም ደግ ነው፤ ቢነካህ ቆዳህን አሳክኮህ ይሄዳል። ሁለተኛው ግን በቆዳ ገብቶ ወደ አንጎል ይወጣል፤ እጅና እግርን የሚያዝዘውን ክፍል ፈልጎ ይገድላል። ሰውየው ከቀናት በኋላ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱ ይደርቃል፣ በቁሙ እንጨት ይሆናል። ይህንን የድርጅቱ የደኅንነት መመሪያ በቀይ ቀለም ጽፎታል። ከጽሑፉ በታች «ሕክምና» የሚል ርዕስ አለ፤ ከርዕሱ ሥር ግን ምንም የለም።

ሆስፒታል ሄደ። ወጣቱ ሐኪም አንጓውን አገላብጦ አየ።

«ምንድን ነው የነካህ?»

«ገና አልታወቀም።»

«እሺ፣ ማን ነው የሚያውቀው?»

«እኔ ነኝ» አለ ረንጂዬ። «ሥራዬ እሱ ነው።»

ሐኪሙ ቀልድ መስሎት ሊስቅ ብሎ ተወው። «እንግዲያው አንተ ስትነግረኝ እኔም እነግርሃለሁ» አለ። ከዚያ፣ ባይናገረው ይሻል የነበረውን ነገር ጨመረ፦ «እስከዚያው ጽሕፈትህን ተከታተል። ፊደልህ እያነሰ ከመጣ፣ ቶሎ ና።»

ለሚስቱ ለሊቺዩ አልነገራትም። ለዚህም ምክንያት ነበረው። የሊቺዩ አባት በመንቀጥቀጥ በሽታ ነበር የሞቱት። ለብዙ ዓመት በማንኪያ ያጎረሰቻቸው፣ ያገላበጠቻቸው፣ አገጫቸውን የጠረገችው እሷ ናት። ከቀብራቸው ስትመለስ፣ «ሌላ ማንኛውም በሽታ ይምጣብኝ፤ ይኼንን ግን ሁለተኛ ማየት አልችልም» ብላው ነበር። ስለዚህ ረንጂዬ በየጠዋቱ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፤ በእንፋሎት የታፈነው መስታወት ላይ በጣቱ የቤተሰቡን ስም ይጽፋል። ከትናንቱ ያነሰ ይመስለዋል። ደግሞ የበለጠ ይመስለዋል። በእጁ ጠርጎ ይወጣል።

«ምን ሆነሃል፣ እንደ ሙሽራ መስታወት ፊት የምትውለው?» አለችው ሊቺዩ አንድ ቀን ከበር ውጭ።

«ጺሜ ነው።»

«የቱ ጺምህ?»

ቧንቧውን ከፈተ።

የላቦራቶሪው ትልቅ ማግኔት ያለው ምድር ቤት፣ በእትዬ ባይሄ ክፍል ውስጥ ነው። እትዬ ባይሄ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ማሽኑ በገባበት ዓመት የገቡ ሴት ናቸው። ናሙና በቀጭን ቱቦ ተደርጎ ወደ ማግኔቱ ሆድ ይወርዳል። በውስጡ ያለ እያንዳንዱ ሃይድሮጅን ጎረቤቶቹ እነማን እንደሆኑ በየራሱ ድምፅ ይናገራል፤ ንግግሩም በወረቀት ላይ ሹል ሹል መስመር ሆኖ ይወጣል። በአገሩ ልማድ፣ እንደሌላው መሥሪያ ቤት ሁሉ እዚህም ማሽኑ አናት ላይ «ጨዋ ሁን» የሚል ስም ያለው አረንጓዴ የበቆሎ ብስኩት ከረጢት ተቀምጧል፤ ማሽኑ እንዳያምፅ።

በዚያ ክፍል አንድ የጸና ደንብ አለ። በውጤቱ ጉዳይ ያለው ሰው ወረቀቱን አያነብም። ናሙናውን የሠራውም፣ ያዘዘውም፣ ለውጤቱ የቸኮለውም ሰው ውጭ ይቀመጣል፤ ስሙ ተሸፍኖ ሌላ ሰው ያነባል። ደንቡ የመጣው ድሮ አንድ ብልህ ሰው የሚመኘውን መስመር ወረቀቱ ላይ አይቶ፣ ድርጅቱም በእሱ ቃል አንድ ሙሉ ምርት ልኮ ካፈረ በኋላ ነው። ረንጂዬ ይህን ደንብ ሲያስተምር ኖሯል።

ጠብታዋ ባረፈች በሦስተኛው ቀን ግን ባልደረቦቹ ሁሉ ምሳ ሊገዙ ሲወጡ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ማሽኑን መያዝ ያውቃል። ቱቦውን አስገባ፤ ጠበቀ። የብስኩቱ ከረጢት ላይ የተጻፈው ቀን ማለፉን አየ፤ ጊዜው ያለፈበት ከረጢት ማሽን አይገታም ይባላል፤ ግን ተወው። ወረቀቱ ወጣ።

ሁለቱን ወንድማማቾች የሚለየው ቦታ ላይ ሰፊ ጉብታ ቆሟል። ዘይቱ ከታይናን አየር የጠጣው ውሃ ነው። ረንጂዬ ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠጋ። ከጉብታው ጎን፣ ወደ ግራ፣ ትንሽ ትከሻ ነገር ያለች መሰለው። እንደገና አየ። አለች። የደጉ ወንድም መስመር እዚያ ነው የሚወጣው። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለብቻው ሳቀ። ያን ዕለት በምሳው የአሳማ ሥጋ በሩዝ ሁለት ሳህን በላ።

ወደ ሥራ አስኪያጁ ወደ ፋን ሄዶ ወረቀቱን አሳየው፤ ስለ ትከሻዋም ነገረው። ፋን ከሱ በዕድሜ የሚያንስ፣ ያለ እንቅልፍ የሰነበተ ሰው ነበር። እፎይ ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

«ጋሽ ረንጂዬ፣ ነፍሴን መለስካት እኮ። ጻፈው በቃ፣ እንዝጋው።»

እትዬ ባይሄ አንድ ሰነድ ሊያስፈርሙ በር ላይ ቆመው ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አወረዱ።

«ማን ነው ያነበበው?» አሉ።

«እኔ» አለ ረንጂዬ።

«ሌላስ?»

«ሌላ ማንም።»

እትዬ ባይሄ ወረቀቱን አጥፈው መለሱለት። «እንግዲያው ገና አልተነበበም» አሉ።

ከኋላቸው የነበረው ጂንሼንግ፣ «ከረጢቱ ጊዜው አልፎበታል፤ ማሽኑ ቢዋሽ ምን ይገርማል?» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ።

«ማሽኑ መች ዋሸ» አሉ እትዬ ባይሄ። «ውሃ አለ ብሏል፣ ውሃ አለ። ትከሻዋን የጨመረው የረንጂዬ ዓይን ነው።»

ረንጂዬ ወረቀቱን ገልጦ ትከሻዋን ፈለጋት። ቅድም እንደዚያ ግልጽ ሆና የታየችው ነገር አሁን የቀለም መንቀጥቀጥ መሰለች። ከዚያ ደግሞ ከነጭራሹ አጣት። ከመጀመሪያው ቀን የባሰ የፈራው ያን ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የሚፈራው ዘይቱን ብቻ ነበር። አሁን ዓይኑንም መፍራት ጀመረ። ዓይኔ የሌለውን አይቶ ካስደሰተኝ፣ በየጠዋቱ መስታወት ላይ የማየውንስ ፊደል እንዴት ልመነው አለ በልቡ።

ዘይቱ ትንሽ ነው፤ የሚባክን የለም። እትዬ ባይሄ መከሩና ወደ ክሪስታል እንለውጠው አሉ። ክሪስታል ከሆነ ኤክስሬይ ይነሣል፤ ኤክስሬዩ እያንዳንዱን አቶም በቦታው ቁጭ አድርጎ ያሳያል፤ እዚያ ላይ ምኞት ምንም አይጨምርም። ዘይቱ ላይ አሲድ ጠብ አድርገው ወደ ጨው ለወጡት፤ በጥቂት አልኮል አሟሙት፤ በትንሽ ብልቃጥ አድርገው ሰፋ ባለ ዕቃ ውስጥ ዘጉበት። የብልቃጡን ግድግዳ ከውስጥ በመስታወት ዘንግ ፈቀፈቁት፤ ክሪስታል ጭረት ባለበት መቀመጥ ይወዳል።

«ከእንግዲህ ማንም እንዳይነካው» አሉ። «አንተ በተለይ።»

ቀናት አለፉ። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር እንደ ሻይ ጠርቶ ተቀምጧል። ረንጂዬ በየሰዓቱ ሄዶ ጎንበስ ብሎ ያየዋል። ቤት ሲገባ መመገቢያ ዘንጎቹን፣ ቾፕስቲኩን፣ ሲያነሣ ጫፉ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ያያል። ሊቺዩ አንድ ነገር ስታወራው ዓይኑን ማርገብገቡን ረስቶ እንደሆነ ብሎ በኃይል ያርገበግባል።

«ዓይንህ ውስጥ ምን ገባ?» ትለዋለች።

«አቧራ።»

«አስቀድሞ ጺም፣ አሁን አቧራ» አለች፤ ግን አልሳቀችም።

አንድ ማለዳ ሁሉም ሥራ ላይ ሳሉ የሁሉም ስልክ ባንዴ ጮኸ። መሬት ልትንቀጠቀጥ ነው የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ጂንሼንግ ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ ሌሎቹም ገቡ። ረንጂዬ፣ ያ ኩሬ ዳር ጣቱን የሚነክረው ረንጂዬ፣ ወደ መደርደሪያው ሮጠ። ብልቃጡ ያለበትን ዕቃ ደረቱ ላይ አቅፎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ። መብራቶቹ ተወዛወዙ፤ ጠርሙሶቹ እርስ በርሳቸው ተንኳኩ፤ ሕንጻው እንደ አሮጌ ጀልባ አቃሰተ። ከዚያ ጸጥ አለ። ሰዎች ከየጠረጴዛው ሥር ወጡ።

እትዬ ባይሄ አጠገቡ ቆመው ወደ ታች አዩት።

«መሬቱ ቆሟል እኮ» አሉ በዝግታ።

ረንጂዬ ወደ እጁ አየ። ያቀፈው ዕቃ አሁንም ክዳኑ ይንቀጫቀጫል። እጁን ሊያቆመው ሞከረ፤ አልቆመለትም። በክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያንን ድምፅ ይሰማል። ጂንሼንግ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ። እትዬ ባይሄ ጎንበስ ብለው ዕቃውን ከእጁ ወሰዱለትና ወደ ብርሃን አነሡት።

«ተመልከት» አሉ።

ብልቃጡ ሥር፣ ጭረቱ አጠገብ፣ መርፌ የሚመስሉ ጥቃቅን ነገሮች እንደ በረዶ እየወረዱ ነበር። እየተጠበቀ እምቢ ያለው ፈሳሽ ሲነቀነቅ ክሪስታል ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር በሥራው ያጋጥማል። አብዛኞቹ ለኤክስሬይ አይበቁም፤ እትዬ ባይሄ ግን በማጉያ መነጽር ሥር አንዲት ደህና፣ ጠርዟ ያልተሰበረ አገኙ።

ኤክስሬዩ ያለው ከተማ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ ነው። ረንጂዬ ሞተሩን ነዳ፤ እትዬ ባይሄ የዝናብ ልብሳቸውን ደርበው፣ ብልቃጡን ብብታቸው ሥር ይዘው ከኋላው ተቀመጡ። በመንገድ ላይ ሁሉ መሪውን አጥብቆ እንደያዘ ነበር፤ የሞተሩ መንቀጥቀጥ የእጁን ይሸፍንለታልና መድረሱን አልወደደውም።

ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ደንብ ነው፤ ደግሞም አሁን ያን የማያምነውን ዓይኑን ይዞ መግባት አልፈለገም። ተማሪዎች የአረፋ ሻይ እየጠጡ ሲያልፉ ያያል። አንዷ ሳቀች፤ እንደዚያ መሳቅ የሚቻልበት ዓለም የሩቅ አገር መሰለው። እትዬ ባይሄ እስኪወጡ ብዙ ቆየ። ሲወጡ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

«ደጉ ነው» አሉ።

ረንጂዬ ግድግዳውን ተደገፈ። አለቀሰ ቢባል ይቀላል፤ አላለቀሰም፤ አፉን ከፍቶ አየር ይፈልግ ነበር።

እትዬ ባይሄ እስኪረጋጋ ጠበቁት። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጡ። «አንድ ነገር ልንገርህና ተቆጣኝ» አሉ። «አንተም ታውቀዋለህ፤ ዛሬ ግን ማወቅ የምትፈልግ አልመሰለኝም።»

«ይንገሩኝ።»

«ኤክስሬይ የገባችው አንዷ ክሪስታል ናት። ስለ ራሷ መስከራለች። ብልቃጡ ውስጥ ክሪስታል ያልሆነው ፈሳሽ አለ። እሱ አልተጠየቀም።»

አወቀው። በእርግጥ ያውቀው ነበር። ለብዙ ዓመት ለሌሎች እንደዚሁ ሲል ኖሯል፦ የወጣው ክሪስታል ንጹሕ ነው፣ የቀረውስ? ለራሱ ሲደርስ ግን ጥያቄው ከአእምሮው ጠፋ። «ይጠየቅ» አለ፤ ድምፁ ከሩቅ ተሰማው።

በማግሥቱ የቀረውን ፈሳሽ አደረቁት፤ ውሃ በማይጠጋው ፈሳሽ አሟምተው ወደ ማግኔቱ አወረዱት። ስሙን በወረቀት ሸፍነው እትዬ ባይሄና ፋን አነበቡት። ረንጂዬ ምድር ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፋን ወጥቶ አጠገቡ ሲያልፍ ትከሻውን ነካ አድርጎት ወደ ላይ ወጣ። እትዬ ባይሄ ቀርተው ነገሩት።

«የደጉ መስመሮች ሁሉም አሉ። ከነሱ ሥር ሌሎች አሉ። ትንንሽ ናቸው።»

«የክፉው?»

«የክፉው።»

«ምን ያህል?»

«ከወረቀቱ የታችኛው መስመር ትንሽ ከፍ ብለው ይታያሉ። ማሽናችን ደካማ ቢሆን ኖሮ አናያቸውም ነበር።»

«ጠብታዋ ላይስ ስንት ነበረ ማለት ነው?»

«እሱን ጠብታዋን መጠየቅ ነበረብን» አሉ እትዬ ባይሄ። «አጥበኻታል። ደግ አደረግህ።»

ለሐኪሙ ደወለለት። ሐኪሙ ሁሉንም አዳመጠና፣ የነካህ በጣም ጥቂት ነው፣ ምናልባትም ምንም አይጎዳህም፣ ግን ወራት እንጠብቃለን አለ። «ምናልባት» የሚለውን ቃል ረንጂዬ ከሌሎቹ ቃላት ሁሉ ለይቶ ሰማው።

ያን ዕለት ወደ ቤቱ ሲገባ ሊቺዩ «የወተት ዓሣ» የሚሉትን የኩሬ ዓሣ በቀጭን የሩዝ ገንፎ ሠርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ተቀመጠ። ቾፕስቲኩን አላነሣም። ጺሙንና አቧራውን ትቶ ነገራት፤ ጠብታዋን፣ ሁለቱን ወንድማማቾች፣ ሐኪሙ ስለ ፊደል ያለውን፣ ኮሪደሩንና ደረጃውን ሁሉ። ሊቺዩ አላቋረጠችውም። ገንፎው ቆዳ እስኪያበጅ ሰማችው። ሲጨርስ ተነሥታ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋች፤ ጎረቤት የሚያይ ይመስል። ተመልሳ ከፊቱ ሳይሆን ከጎኑ ተቀመጠች።

«ስንት ቀን ሆነው?» አለችው።

ነገራት።

«እና ይኼን ሁሉ ቀን ብቻህን?»

«ያንቺን አባት አስቤ ነው።»

«እኔም አባቴን አስቤ ነበር» አለች። «በየጠዋቱ ከበሩ ውጭ ቆሜ የማደምጥህ ለምን መሰለህ?»

እጁን ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ በሁለት እጇ መካከል ያዘችው። ረንጂዬ ዓይኑን ጨፈነ። በሦስቱ እጆች መካከል የሆነ ነገር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ እንደ ተያዘ ዓሣ።

«የማን ነው?» አላት።

«የኔ ነው» አለች ሊቺዩ። «አንተ ዝም ብለህ ብላ፤ ቀዘቀዘ።»

እውነቷን ይሁን አይሁን አላወቀም። እጁን ግን አላስለቀቃትም፤ ማንኪያውን በግራው አነሣ።